ያለ ቦታው የበቀለ አጥንት

ክርናችሁ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና የተጠገነላችሁ፣ ወይም እናታችሁ እንዲህ ሆና ቤት የዋለችባችሁ ሰዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ወጌ ወዲያ ወዲህ ካለ ታገሡኝ። እኔ ራሴም ወዲያ ወዲህ የምል ሴት ነኝ። ቤቴ አንኮበር ነው፤ ልጄ ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ለሚ፣ የልጅነት ወዳጄ ዘሃራ ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር አልዩ አምባ ይኖራሉ። ማኅበር ሲኖር፣ ልቅሶ ስሰማ፣ አንዳንዴም እንዲያው ሰው ሲናፍቀኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ በእግሬ እነሳለሁ። ልጄ ተፈራ «እናቴን ቤት አይበቃትም» እያለ ለሰው ያወራል። እውነቱን ነው።

የወደቅሁት በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ በርትቶ መኪናው ሁሉ ወታደር በሚያመላልስበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከዘሃራ ጋር ወደ አልዩ አምባ እየወረድን ነበር። እሷ ከጎረቤላ የሸመተችውን ባቄላ በአህያ ጭናለች፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ እከተላለሁ። ድንጋዩ በዝናብ ታጥቦ አንሸራታች ሆኗል። እግሬ ከዳኝና በቀኝ ክርኔ ድንጋይ ላይ አረፍኩ። ድምፁን ዘሃራም ሰማችው።

«ተነሺ እስቲ አስካለ።»

«እጄ ሄዷል።»

«የት ይሄዳል? ይኸው አንቺው ላይ ነው» አለችኝ፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ሻሿን ከራሷ ፈታ ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰረችው። «ወላሂ፣ ዛሬ ገበያዬን ቀማሽኝ» እያለች፣ አህያዋን ለመንገደኛ አደራ ሰጥታ ያን ሁሉ ዳገት ደግፋኝ ወጣች።

ጎረቤላ ጤና ጣቢያ በእንጨት አሰሩኝ፤ ደብረ ብርሃን ላኩኝ። ከደብረ ብርሃን ደግሞ አዲስ አበባ። ክርኔ ብዙ ቦታ ተሰባብሮ ስለነበር ቆዳውን ከፍተው በሽቦና በብሎን አያያዙት፤ በጀሶ ጠቀለሉት። ጀሶው ሲፈታ ክንዴ የደረቀ ቆዳ ይመስል ነበር፤ ግን ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ይታጠፋል፣ ትንሽ ይዘረጋል። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ችኩል ነበር፤ ኮሪደሩ በቁስለኛ ተሞልቷል። ለተፈራ «ክንዱ መንቀሳቀስ አለበት፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይደርቃል» ብሎት ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ግን ማንም አላሳየንም።

ተፈራ ልብስ ሰፊ ነው። ደብረ ብርሃን ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ከሆስፒታል ስወጣ ማረፊያዬ እሱ ቤት ሆነ። ሐኪሙ ያለውን ይዞ ሄዶ ሲያብሰለስል ከረመና አንድ ቀን ጋሽ ወልዴን ይዞ መጣ። ጋሽ ወልዴ ስመ ጥር ወጌሻ ነው፤ የወለቀ ትከሻ፣ የተሰበረ እግር ያስተካከለለት ሰው ብዙ ነው። እኔም አክብሬው ነው የምኖር። ተቀምጦ ክንዴን ዳበሰና እጁን ሰበሰበ።

«ውስጡ ብረት አለ እንዴ?»

«አለ፣ ሽቦና ብሎን ነው» አለ ተፈራ።

«እንግዲያው እኔ የማውቀው አጥንት ነው። ብረት አላውቅም።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ሐኪሙ ራሱ ይንቀሳቀስ ብሏል እኮ! ጨርቅም ታጥቦ ሲኮማተር ካልሳቡት አይለቅም። ቅቤም ይኸው አለ፣ ትንሽ ያሹላትና ይሳቡላት።»

ጎረቤቶችም ተሰብስበው «ኧረ እሺ ይበሉ» አሉ። እኔም ብሆን አልተቃወምኩም። እኛ አገር የተሰበረ ክንድ ሳይታሽ ሲቀር እንደ ተረሳ ነው የሚቆጠረው፤ ማሸት ማለት ማሰብ ማለት ነው። ጋሽ ወልዴ በለጋ ቅቤ አሸኝ። ከዚያ ተፈራ ትከሻዬን ይዞ፣ እሱ አንጓዬን ይዞ ሳቡት፤ መልሰው ደግሞ አጠፉት። ጣሪያው ተገለበጠብኝ። «አይዞሽ እማዬ፣ ለቀቀ!» ይላል ልጄ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። እየተመላለሱ እንዲህ አደረጉልኝ። ሁሉም ከፍቅር ነው።

ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ክርኔ አበጠ፣ ቀላ፤ እጅ ሲያስቀምጡበት እንደ ምድጃ ድንጋይ ይሞቃል። ሌሊት ሌሊት ከውስጥ የሚቆፍረኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሙቀቱ እየበረደ ሄደና ሥጋው መጠጠር ጀመረ። ከፊት ለፊት፣ ክንድ በሚታጠፍበት ጎድጓዳ በኩል፣ ስዳብሰው ድንጋይ ነው። መጀመሪያ የነበረችኝ መታጠፍም ጠፋች። ክንዴ ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ እንደ ማጭድ፣ እዚያው ቀረ። አይዘረጋም፣ አይታጠፍም።

ክርን ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ያጣው ነው። ቀኝ እጄ አፌ አይደርስም። ፊቴ አይደርስም። መቀነቴን በአንድ እጅ እታገላለሁ። ጸጉሬን ምራቴ ዘነበች ታበጥርልኛለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በግራዬ ሳማትብ አንዲት ሴት ልጇን በክርኗ ጎሽማ «እይ፣ እይ» ስትል ሰማኋት። ዞሬ «ቀኙ ሲመጣ በቀኙ አማትባለሁ፤ እስከዚያ እግዜር በግራም ያየኛል» አልኳት።

ከሁሉ የከፋው መብል ነበር። አንድ ቀን በግራ እጄ ወደ ገበታው ዘርግቼ ቆረስኩ። ዘነበች መልካም ሴት ናት፤ ግን እጇ አየር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ኧረ በስመ አብ! በግራዎ?»

«ታጥቤዋለሁ እኮ።»

«እኔ ላጉርስዎ፣ ምን ቸገረዎ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎረሱኝ። ጉርሻ ደስ የሚለው አንዴ፣ ሁለቴ ነው። ጠዋት ማታ፣ ሌላ ሰው በቆረሰልሽ ልክ፣ ሌላ ሰው በወደደው ወጥ፣ አፍሽን ከፍተሽ መጠበቅ ግን ሌላ ነው። አንዳንዴ ሳልጨርስ ሁለተኛው ይመጣል፤ አንዳንዴ ዘነበች ወሬ ይዛ ትረሳኛለች፣ እኔም እንደ ወፍ ጫጩት አፌን ከፍቼ አያታለሁ። አልቅሼ አላውቅም። ተናድጃለሁ እንጂ። «ለብቻዬ ሳህን ስጡኝና ዞሬ በግራዬ ልብላ» ብል ተፈራ አኮረፈ። «እናቴን ጥግ አስቀምጬ እንደ በሽተኛ? ሰው ምን ይላል?» አለ።

ሕክምና ፍለጋ ዞርን። አንዱ ክሊኒክ «ውስጡ መግል ይዟል» ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ፤ ክርኔ ግን እንዳለ ነው። ሌላው ቦታ «የአጥንት ቲቢ ይመስላል» ተባልኩ፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይበላል አሉኝ። ሌላ መርፌ፣ ሌላ ክኒን። «አያስለኝ፣ አያልበኝ፣ ክርኔ ብቻ እንዴት ቲቢ ያዘው?» ብዬ ጠየቅሁ። መርፌ የሚወጋኝ ድሬሰር «አንቺ ሐኪም ነሽ?» አለኝ። «ክርኑ የኔ ነው» አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን መርፌውን ትቶ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት ጻፈልኝ። ይህችን ውለታ አልረሳለትም።

ዘመዶቼ ደግሞ አንኮበር ጠበል ውሰዷት አሉ። ሄድኩ፤ መንገዱንም ወድጄዋለሁ፣ ደጋው ላይ ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ ራሴ ድሮ የማውቃት ሴት ሆንኩ። ጠበሉን የሚያጠምቁት አባት ክንዴን አዩና «ጠበሉን ጠጪ፤ ራጅም ተነሺ። ሁለቱ አይጣሉም» አሉኝ። እንደ እሳቸው ያለ ቄስ ያብዛልን።

አንኮበር ሳለሁ ግን ሌላ መርዶ ሰማሁ። ቤቴ ከታመምኩ ጀምሮ ተዘግቶ ከርሟል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠርቶኝ እንዲህ አለኝ፤

«እትዬ አስካለ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሰው የማይኖርበትን ቤት ቤት ለሌለው እንድንሰጥ ነው የታዘዝነው። አንቺ ልጅሽ ዘንድ ከሆንሽ…»

«ልጄ ዘንድ ታምሜ ነው።»

«መቼ ትመለሻለሽ ታዲያ?»

«እጄ ሲመለስ።»

«እጅሽ መቼ ይመለሳል?»

ይህን ማን ያውቃል? ተፈራ ይህን ሲሰማ ደስ ያለው መሰለኝ። ክፋት ይዞት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። «ይውሰዱት እማዬ። ከእንግዲህ ብቻሽን ማን ያጎርስሻል? ገደል ለገደል መዞሩም ይብቃ» አለኝ። ተጣላን። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያን ያህል ተጣልተን አናውቅም። በመጨረሻ ዘነበች ገባችና አስታረቀችን፤ ቃል ተገባባን። በቀኝ እጄ፣ ማንም ሳያግዘኝ ስበላ ካየ ቤቴ እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን ቤቱን ለቅቄ እሱ ዘንድ እኖራለሁ። ሊቀ መንበሩም እስከ ሕክምናው መጨረሻ እንደሚታገሠኝ በቃሉ ነገረኝ።

ሆስፒታል ራጅ ተነሣሁ። ወጣቱ ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ቆየ። እኔም ከኋላው አየሁት፤ ክርኔ ፊት ለፊት ነጭ ደመና አለ። ተፈራን ወደ ጎን ጠራው። «እዚሁ ተናገር፣ ክርኑ የኔ ነው» አልኩት ለሱም።

ወጣቱ አቀረቀረ። «እማማ፣ አጥንት በማይኖርበት ቦታ አጥንት እያደገ ነው። የአጥንት ዕጢ እንዳይሆን እፈራለሁ። ክፉ ዕጢ ከሆነ ሳይሰራጭ ክንዱን መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።»

ተፈራ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። «ይቆረጥ» አለ ወዲያው። «እናቴን አታሳጡኝ፣ ይቆረጥ።»

«ክንዴን ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ብትሞችስ?»

«ብሞት ከነክንዴ ነዋ። ልጄ» አልኩት ዶክተሩን፣ «ዕጢ መሆኑን ታውቃለህ ወይስ ትፈራለህ?»

«እፈራለሁ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ፍርሃትማ እኔም አለኝ። ለፍርሃት ተብሎ ክንድ አይቆረጥም። የሚያውቅ ሰው አለ?»

እግዜር ይስጠው፣ አልተቆጣም። አዲስ አበባ ያለ የአጥንት ሐኪም እንዲያየኝ ጻፈ፤ አሮጌውን ራጅም አዲሱንም በፖስታ አድርጎ ሰጠን። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። በድፍረት የተናገርኩት ሁሉ ጨለማ ሲሆን ይከዳኝ ነበር፤ ጠጣሩን ነገር እየዳበስኩ «ምንድን ነህ አንተ?» እለዋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ደጃፉ ሰው በሰው ነው። ከሰሜን የመጡ ቁስለኞች አግዳሚው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተኝተዋል። ዘበኛው ወረቀቴን አገላብጦ አየ።

«እማማ፣ ይኸ ሁሉ ወጣት ተኝቶ የአሮጊት ክርን ማን ያያል? አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ክንድ ምን ያደርግልሻል?»

«ፊቴን እታጠብበታለሁ» አልኩት። «አንተ በምንህ ትታጠባለህ?»

አግዳሚው ላይ አንድ ወታደር ሳቀ። የግራ እጅጌው ባዶ ነው፤ በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ ተይዟል። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «ይቀመጡ እማማ። ያለዎትን አይልቀቁ። እኔ የሄደብኝን አውቀዋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ጣቱን ያሳክከኛል» አለኝ። «ልጄ፣ የኔውስ አለ፣ አሳክኮኝ አያውቅም» ብለው እንደገና ሳቀ። ስሙን ሳልጠይቀው ተጠራ። ለምን እንዳልጠየቅኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ቀን ተራ አልደረሰንም፤ በማግስቱም አልደረሰንም። ዘበኛው ሲሰለቸው ይሁን ሲያፍር፣ በኋላ እጁን አወዛውዞ «ግቢ፣ ግቢ» አለኝ።

የአጥንት ሐኪሙ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁለቱን ራጅ ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ሰቀላቸው። ክርኔን ዳበሰ፤ ይሞቃል ወይ፣ አሁንም ያድጋል ወይ እያለ ጠየቀ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ከኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እናቴ፣ ይኸ ካንሰር አይደለም።»

ተፈራ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። እኔ ግን ገና አላመንኩም።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አጥንት ነው። ደህና አጥንት፤ ቦታውን ሳተ እንጂ። ክርን ሲሰበርና ሲቀደድ አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት አጥንት ሥሩ ብሎ ያዛል፤ ትእዛዙን ጡንቻውም ይሰማና አጥንት ይሆናል። መገጣጠሚያውን ዘጋው ማለት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ክንዱን በኃይል የሳበው ሰው ነበር?»

ተፈራ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «በቅቤ አሽተን… ስበነዋል» አለ።

«በኃይል መሳብ የቆሰለውን እንደገና ያቆስለዋል፤ ሊያባብሰው ይችላል። ግን ማንም ሳይነካውም የሚበቅልበት ሰው አለ። እሱ ብቻ ነው ምክንያቱ ብዬ አልፈርድም። ማንም ማንንም አይክሰስ።»

«አሁን ይውጣ ታዲያ» አልኩ።

«አይ፣ አሁን ገና ጥሬ ነው። ጥሬውን ብንነካው ተመልሶ ይበቅላል፣ ይብሳልም። ማደጉን አቁሞ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ እስኪታይ እንጠብቃለን። ዓመት ሊሞላው ይችላል። ያኔ ከፍተን እናወጣዋለን።»

«ካወጣችሁት በኋላ አፌ ይደርሳል?»

«ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልልሽም። ግማሹ የኔ ቢላ ነው፤ ግማሹ የአንቺ ሥራ ነው።»

«የኔን ለኔ ተውልኝ» አልኩት።

መጠበቅ ከባድ ነው። መርፌ ቢወጉኝ፣ ቢያሹኝ፣ ቢስቡኝ አንድ ነገር እየተደረገልኝ ነው እላለሁ። «ምንም አታድርጉ፣ ጠብቁ» ሲባል ሰው ያብዳል። ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት አለው፤ አንዷ ቅጠል ታመጣለች፣ አንዱ ፍል ውኃ ይላል፣ አንዱ ከባድ ነገር አንጠልጥይበት ይላል። ደጃፌ ላይ ሆኜ «ገና አልበሰለም፣ አትንኩብኝ» እያልኩ መለስኳቸው። ጋሽ ወልዴ ራሱ መጣና ከደጅ ቆመ። አንገቱን ደፍቷል። «ግባ» አልኩት። «ብረት አላውቅም ብለህ ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማንህ።» ገብቶ ተቀመጠ፤ ብዙ ሳያወራ መርቆኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብረት የገባበትን ክንድ ሲያመጡለት «ወደ ከፈተው ሰው ውሰዱት» እያለ እንደሚመልስ ሰምቻለሁ።

እግሬ ግን ጤነኛ ነውና አላሰርኩትም። ለሚ ሄጄ እህቴን ጠየቅኩ። ተፈራ ሲቆጣ «የተሰበረው ክርኔ ነው፤ በእግሬ አልበላ» አልኩት።

ጊዜው ሲደርስ እንደገና ራጅ ተነሣሁ። ሸበቶው ዶክተር አየና «በስሏል» አለኝ፤ ከኔ የተማረው ይመስል ፈገግ ብሎ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ሁለቱም ጊዜ ቁስለኛ በብዛት ገብቶ ተመለስኩ። አልተከፋሁም አልላችሁም፤ ግን በማን ላይ እከፋለሁ? በሦስተኛው ተኛሁ።

ስነቃ ክንዴ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሲስተሯ በብረት ሳህን ያወጡትን አመጣችልኝ። ዝንጅብል ይመስላል፤ ጣት ጣት ያለው፣ የተጣመመ ዝንጅብል።

«ልውሰደው?» አልኳት።

«ምን ሊሆንልዎት እማማ?»

«ሳይከፍል የኖረብኝን ተከራይ መልኩን እንኳ ለሰው ላሳይ ብዬ ነው» አልኳት፤ ሲስተሯ እየሳቀች ይዛው ሄደች።

ከዚያ የኔ ግማሽ መጣ። እንዳይመለስ ብለው ክኒን ሰጡኝ፤ ሆድ ስለሚያቃጥል ምግብ ሳልበላ እንዳልውጥ አስጠነቀቁኝ። በማግስቱ፣ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ፣ የተጎዳ እጅና እግር እንቅስቃሴ የምታለማምድ ባለሙያ መጣች። ክንዴን አልሳበችም። «በራስዎ ጡንቻ ያጥፉት» አለችኝ። «ግራው ከሥር ይደግፈው እንጂ አይጎትተው። ትንሽ ሲያምዎት እዚያ ጋ ይቁሙ፤ ይቆዩ፤ ይመልሱ። ሙሉ ቀን፣ ትንሽ ትንሽ። ማንም ሌላ ሰው አይያዝልዎ።» ይህን ነበር ያኔ ማንም ያልነገረን። አንድ ሰው ተቀምጦ እንዲህ ብሎ ቢያሳየን ኖሮ ብዬ አስባለሁ፣ ግን ነገሩ አልፏል። እናንተ ግን ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «እንዴት? አሳዩኝ» በሉ። ካላሳዩዋችሁ ከአልጋው አትነሡ። ኮሪደሩ ቢሞላም፣ ሐኪሙ ቢቸኩልም፣ እጁን ያዙና «አሳየኝ» በሉ። ክርኑ የእናንተ ነው። ካበጠባችሁ፣ ከሞቀባችሁ፣ መታጠፉ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ሮጣችሁ የከፈተውን ሐኪም አግኙ። አሮጊት ናችሁ ያላችሁን ሰው በምኑ ፊቱን እንደሚታጠብ ጠይቁት።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ለክርን አይመችም። ጠዋት ተቆልፎ ያድራል። በሞቀ ውኃ ነክሬ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ተፈራ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ሊረዳኝ እጁን ሲያነሣ «እጅህን» እለዋለሁ፤ እንደ ተቆጡት ልጅ ይሰበስበዋል። እጄ መጀመሪያ እምብርቴ ጋ ደረሰ። ከዚያ ደረቴ። መቀነቴን አሰርኩ። አገጬን ነካሁ ብዬ ስጮህ ዘነበች እቃ ጥላ መጣች። ከአገጭ ወደ ላይ ግን አልሄድ አለ። ብለው፣ ብለው አልሄድ አለ። የሸበተው ዶክተር ለክቶ «ጥሩ ነው እናቴ፤ ከዚህ በላይ ብዙ አትጠብቂ» አለኝ። ተመልሶ እንዳልበቀለም በራጅ አሳየኝ።

ከአንኮበር መልእክት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ከዚህ በላይ መታገሥ አልችልም፣ ወይ ኑሩበት ወይ ልቀቁት ብሏል። ተፈራ ገመድና ማዳበሪያ ይዞ ተነሣ፤ እቃዬን ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሊመልሰኝ ነው። «ዶክተሩ ያለውን ሰምተሻል እማዬ» አለኝ በመንገድ ላይ። እኔ መንገዱን ሙሉ ክርኔን አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ።

ቤቴ ጢስ ጢስ ሳይሆን አቧራ አቧራ ይላል። በሩን ስከፍት ብርሃኑ እስከ መደቡ ገባ። ሊቀ መንበሩ ደጅ ቆሟል። ዘሃራም ወሬው ደርሷት ከታች ወጥታ ኖሮ እየተነፈሰች ገባች፤ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ፈትታ መደቡ ላይ ዘረገፈችው።

«ተፈራ፣ ያን ገመድ ለኔ አህያ ስጠኝ» አለችው። «የሷን እቃ ማን ጫን አለህ?»

«እትዬ ዘሃራ፣ ቃል አለን። በቀኝ እጇ ካልበላች…»

«ታዲያ ይኸው ቆሎ፤ አላህ ያውቃል። ብይ አስካለ።»

በቀኝ እጄ ቆሎ ዘገንኩ። አነሣሁ። ደረቴን አለፈ፣ አገጬ ጋ ደረሰና ቆመ። ሁለት ጣት ያህል ቀረ። አጥንቴ እንደ በር መቀርቀሪያ ያዘኝ። ተፈራ ፊቱን አዞረ፤ ማየት አልቻለም። ከዚያ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ቆሎውን ቃምኩት። ጣፈጠኝ። ድጋሚ ዘገንኩ፤ ዝቅ አልኩ፣ ቃምኩ። ሦስተኛውን ሳነሣ ተፈራ ዞሮ አየኝ።

«እማዬ፣ ይኸማ አይቆጠርም። አንገትሽን ዝቅ አደረግሽ እኮ።»

አኝኬ ዋጥኩ።

«አንገቱም የኔ ነው» አልኩት።

ሊቀ መንበሩ ደጅ ሆኖ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ። ተፈራ አየኝ፣ እቃዬን አየ፣ ገመዱን አየ። ገመዱን መሬት ላይ ጣለና ከጎኔ ተቀምጦ ከቆሎው ዘገነ።